ከዳልኬረን መዝገብ የወጣን ሰዎች

አያቴ ከመቶ የሚበልጥ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ካደኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ኔታ ከምትባል ጎረቤታችን ጎን፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ተቀምጬ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ይቅር አላልኩትም። ይህን የምለው በኩራት አይደለም።

አዳራሹ ዛሬ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል። ዳልኬረንም በምርጫ ካርታ ላይ የለችም። ሦስት ቦታ ቆራረጧት፤ ሦስቱም ቁራሽ በሌላ ከተማ ስም ይጠራል። የእንደራሴሽ ስም ማነው ብትሉኝ ወረቀት ሳላይ አልመልስላችሁም። ድሮ በዚህ ከተማ ያን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ከሰው አይቆጠርም ነበር።

አያቴ ዋልተር ጊልፊላን ይባላል፤ ከተማው ሁሉ ዋቲ ነበር የሚለው። አርባ ዓመት በመርከብ መሥሪያው ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ግማሽ ደንቁሯል፤ ስለዚህ ምስጢር ሲያወራ እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። መርከብ መሥሪያው ሲዘጋ ሌሎቹ ሽማግሌዎች መጠጥ ቤት ገቡ። ለአያቴ ግን ወንበሩ ቀርቶለት ነበር፤ የዳልኬረን የፓርላማ ወንበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ የፓርቲው የምርጫ አስተባባሪ ነበር። እኔ ወንበሩ የአያቴ የግል ንብረት ይመስለኝ ነበር። እንደራሴዎቹ ተውሰውት የሚቀመጡበት፣ ሲያጠፉ ደግሞ እሱ የሚቀማቸው።

ወንበሩ የተፈጠረው አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ዓመት ነው። አያቴም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። "እኩያሞች ነን፤ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እናያለን" ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ስንልጥ ታሪኩን ያስጠናኛል። ሌላው ልጅ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲሸመድድ እኔ የዳልኬረንን እንደራሴዎች እሸመድዳለሁ።

"መጀመሪያ?"

"ሰር አርኪባልድ። የመርከብ መሥሪያው ጌታ።"

"ምን ሠራ?"

"ምንም።"

"ጎበዝ፣ ዶሮዬ። ቀጥሎ?"

"ቶም ኬርንስ፣ አናጢው። በአርባ አንድ ድምፅ አሸነፈ። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። አባትህ በትከሻው ተሸክሞት ዞረ።"

"ሦስተኛው?"

"ሌባ።"

"አራተኛው?"

"ሰካራም።"

"አምስተኛውስ?"

"ሌባም ሰካራምም፤ ግን የኛው ሰው።"

እዚህ ላይ ሲደርስ ቢላዋውን አስቀምጦ እስኪያስለው ይስቃል። እናቴ ሴንጋ ከወዲያኛው ክፍል፣ "ኧረ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ለሕፃን!" ትላለች፤ እሷም እየሳቀች። ሦስታችን ነበርን በዚያ ቤት። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

አራት ዓመት ሲሆነኝ የነፍስ ወከፍ ግብር መጣ። ለንደን ያሉት ሰዎች እንግሊዞቹ ላይ ከመጫናቸው በፊት አንድ ዓመት ቀድመው እኛ ላይ ሞከሩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ባለ ብዙ መሬቱም፣ ሥራ ፈቱም፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ እኩል ይክፈል ተባለ። የዳልኬረን ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ጠፋ። በየዓመቱ የመራጮች መዝገብ ቅጽ በየቤቱ ይመጣል፤ የቤቱ ባለቤት በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ ስም ጽፎ ይመልሳል። ግብር ሰብሳቢው ከዚያ መዝገብ ላይ ስም ይለቅማል ስለተባለ ሰዉ መጻፍ ተወ። ብልጥ መሆኑ ነበር። ጎረቤታችን ኔታ አራቱም ወንዶች ልጆቿ በአንድ ዓመት ውስጥ አውስትራሊያ ገቡ፤ አመሻሽ ላይ ግን አራቱም ከጥጉ መጠጥ ቤት አይጠፉም።

ከዚያ የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚያጠኑት ሰዎች መጥተው መዝገቡን ቆጠሩ። ዳልኬረን አነሰች። ያነሰ ክልል ደግሞ ይታጠፋል። በገዛ እጃችን፣ አንድ ስም ስንቀንስ፣ አንድ ስም ስንቀንስ፣ ወንበራችንን በልተነው ኖሯል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በር ሲንኳኳ እናቴ ትደበቃለች። የያዘችውን ጥላ፣ በካልሲዋ እየሮጠች መታጠቢያ ቤት ትገባና ቁልፉን ትቆልፋለች። እኔ ደግሞ "አያቴ የለም" ብዬ በሩን መዝጋት ነው። ለምን እንደምትደበቅ ማንም አልነገረኝም፤ ስለዚህ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ከአባቴ ነው የምትደበቀው አልኩ። አባቴ ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ አገር ሄዶ ደብዛው የጠፋ ሰው ነው። እሷ አኩርፋው እንጂ እሱማ በየጊዜው እየመጣ በር እያንኳኳ ይመለሳል ብዬ አመንኩ። አይ ልጅነት! በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ትዘል ነበር።

በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አያቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ ሁለቴ ቀስ ተደርጎ ተንኳኳ። የግብር ሰው እንዲህ አያንኳኳም፤ የግብር ሰው በቡጢ ነው። እናቴ ሮጣ ገባች። እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

አባቴ አልነበረም። ዝናብ የሚንጠባጠብ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ፣ መነጽሩን እንፋሎት የሸፈነው ቀጭን ሰውዬ ነው።

"ዶሮዬ፣ እናትሽ አለች?" አለኝ፤ በኛ አገር ሴት ልጅ ሁሉ ስትቆላመጥ ዶሮዬ ነው የምትባል።

"መታጠቢያ ቤት ተደብቃለች" አልኩት።

ምን ልበል? እውነቱን ነው የነገርኩት። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። መስቀያው ላይ ሦስት ካፖርት ተሰቅሏል፤ አንዱ የሴት፣ አንዱ የልጅ፣ አንዱ የአያቴ የክት። ደብተር አወጣ፤ ከዚያ ምንም ሳይጽፍ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"ይሁን። ለአያትሽ ሎሪመር መጥቶ ነበር በይው። ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ እንገናኛለን በይው" አለኝና ደረጃውን ወረደ።

መልእክቱ ከአፌ አልወጣም። እናቴ መታጠቢያ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ ከዚያ በፊት መትታኝ የማታውቀው ሴትዮ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ እኔን አቅፋ እሷ አለቀሰች።

"ጉድ ሠራሽኝ፣ ሮና! ጉድ ሠራሽኝ! ለአባባ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፤ በዚህ ሳምንት ያለበት ጣጣ ይበቃዋል።"

ያለበት ጣጣ የሐሙሱ ስብሰባ ነበር። ስለ ወሰኑ አቤቱታ የሚሰማ ሰው ከኤድንብራ ሊመጣ ነው። ዳልኬረንን ወክሎ የሚናገረው አያቴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ለድስቶቹ ንግግር ሲያደርግ ሰነበተ።

በዋዜማው እራት ስንበላ የተፈጨ ሥጋውና ድንቹ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ።

"ሦስት ሺህ ሰው ጎደለ ይሉናል! የት ሄደ? ባሕር ዋጠው? ሞቶስ ቢሆን ማን ቀበረው? እዚሁ ነው ያለው! በየደረጃው፣ በየፎቁ፣ እዚሁ—"

"ስም ትጠራለህ?" አለች እናቴ።

"አንድ ቤት ካላሳየሁ ማን ያምነኛል?"

"የማንን ቤት?"

የቀዘቀዘውን ድንች በሹካው ገፋው።

"አባዬ፣ የማንን ቤት?"

"ኔታን ለመንኳት፤ በመጥረጊያ አባረረችኝ። ሃያ ሦስት ቤት ዞርኩ። ሁሉም 'ዋቲ፣ አምላክ ይርዳህ' ይለኛል፤ 'ስሜን ጥራ' ያለኝ አንድ የለም።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረችና ሂጂ ተኚ አለችኝ። ገና የመኝታ ሰዓቴ አልደረሰም፤ ግን ድምፅዋን ሰምቼ አልተከራከርኩም። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው፤ አያቴ ስለሚጮህ የእሱን ሙሉውን፣ የእሷን ግማሹን።

"...በማግስቱ በሩ ላይ ናቸው። አልጋውን ያወጡታል። የልጅቷን አልጋ መንገድ ላይ ሲሸጡት ቆመህ ታያለህ?"

"ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ ወንበር ነው፣ ሴንጋ! አባቴ ኬርንስን የተሸከመበት!"

"እኛስ? ...እንደሌለን ቁጠረን! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እንደሌለን ቁጠረን!"

እኔ ምን መሰለኝ? እኔ በሩን በመክፈቴ፣ እኔ በአፌ በማበላሸቴ፣ እናቴና እኔ ከዚህ ቤት ልንባረር ነው። ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ።

ቆይቶ አያቴ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልጋው ወደ እሱ አዘነበለ።

"ነገ ከኔ ጋር ትመጫለሽ። ስለኛ ስናገር ትሰሚያለሽ።"

"የኔንም ስም ትጠራለህ?"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበልኝ። "ያንቺንም" አለ።

እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ማታ አያቴ ልጁን አሳልፎ ሊሰጣት ወስኖ ነበር። ለወንበሩ ሲል። አልነገርኳትም፤ ብነግራት ምን ይጠቅማታል?

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ እርጥብ ሱፍና ትንባሆ ይሸታል። አያቴ የቀብር ሱፉን ለብሶ፣ የምርጫ ቀን ክራባቱን አስሮ ከጎኔ ተቀምጧል፤ በወዲያኛው ጎኔ ኔታ አለች። መድረኩ ላይ ከኤድንብራ የመጣው ሰብሳቢ፣ ሽበታም፣ ድምፁ ለስላሳ ጠበቃ ነው። ከጎኑ የምትጽፍ ሴት አለች። እናቴ አልመጣችም፤ እዚያ የምትታይ ሰው አይደለችማ፣ የለችም።

ተራችንን ስንጠብቅ ሰለቸኝና ወደ ኋላ ዞርኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ያ አረንጓዴ ካፖርት። ደብተሩ ጭኑ ላይ ነው፤ ዛሬ ተከፍቷል። አየኝና ፈገግ አለ።

ለአባባ አትተንፍሺ ተብያለሁ። ግን ምናለ፣ ዛሬ አያቴ ስሜን ሊጠራ ነው፤ ዛሬ እኔና እሱ አንድ ወገን ነን። እጅጌውን ጎተትኩት።

"አባባ፣ ያ ሰውዬ ቅዳሜ እኛ ቤት መጥቶ ነበር።"

"የቱ?"

"ባለ አረንጓዴው። እማዬ መታጠቢያ ቤት ስትደበቅ። እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ደብተር አለው።"

አያቴ ዞሮ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ያን አስተያየቱን ቁጣ ነው አልኩ። "ዋልተር ጊልፊላን" ተብሎ ተጠራ።

ንግግሩ ያምር ነበር። ሰር አርኪባልድን አነሣ፣ አናጢውን አነሣ፤ ሌባውን በጨዋ ቋንቋ አለፈው። ሦስት ሺህ ሰው የት ሄደ ሲል ሰው አጨበጨበ፤ የጎረቤታችን ትልቁ ልጅ፣ ያ አውስትራሊያ ያለው፣ በፉጨት አዳራሹን ቀወጠው። ሰብሳቢው እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀና እስክሪብቶውን አነሣ።

"አቶ ጊልፊላን፣ ሕጉ መዝገብ ላይ ያለውን ቁጠር ነው የሚለኝ። ነገር ግን መዝገቡ ራሱ የተዛባ መሆኑን የሚያሳይ ተጨባጭ ነገር ካለዎት በሪፖርቴ አሰፍረዋለሁ። ሦስት ሺህ ሰው አምጡ አልልዎትም። አንድ ቤት ያሳዩኝ።"

አያቴ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ያ ሁሉ ያጨበጨበ ሕዝብ ጫማውን ያያል። ኔታ ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። ባለ አውስትራሊያው ልጇ የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ ሳበ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ሲቆረጥ ሞኙ እንዲህ ነው የሚያቀረቅረው።

"የራስዎ ቤትስ?" አለ ሰብሳቢው፣ ሊረዳው ፈልጎ ይመስለኛል። "እርስዎ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?"

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንደማደርገው እጄን ለማንሣት አዘጋጀሁ። አያቴ እኔን አየ፤ ከዚያ ከኔ በላይ አሻግሮ ወደ መጨረሻው ረድፍ አየ።

"ብቻዬን ነው የምኖረው" አለ።

ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማውን ሰውዬ የምትጽፈው ሴት አልሰማችውም። "ይድገሙልን" አለችው።

"ብቻዬን። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማንም የለኝ።"

"ውሸ—" ስል ኔታ በመዳፏ አፌን ደፈነችኝ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። "ዝም በይ፣ የኔ ልጅ፣ ዝም በይ" ትለኛለች፤ እንባዋ አናቴ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ምን ያስለቅሳታል፣ የተካድኩት እኔ ብዬ ተናደድኩ። ሰብሳቢው አመሰገነው፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ አለቀ። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ ወንበር በአንድ መስመር አለቀ። ባለ አረንጓዴው ሰውዬ ደብተሩን ዘጋ።

ቤት እንደገባን እራት እኔ ላቅርብ አልኩ። አንድ ሰሐን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ አቀረብኩ። አያቴ ቆሞ ጠረጴዛውን አየ።

"ብቻህን አይደለህ የምትኖረው?" አልኩት።

እናቴ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞራ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለኔ ያዘነችልኝ መሰለኝ። አያቴ ተቀመጠና ብቻውን በላ፤ አንድም ሳያስቀር።

ከዚያ በኋላ እንደራሴዎቹን አልደገምኩለትም። "መጀመሪያ?" ሲለኝ ድንቹን እልጣለሁ። አባባ ማለትም ተውኩ። "አቶ ጊልፊላን፣ ሻይ ይፈልጋሉ?" እላለሁ፤ "ካፖርትዎን ይስጡኝ።" እንግዳ አይደል? እናቴ አንድ ጊዜ በዚህ ነገር ልትቆጣኝ ስትል "ተያት" አላት። "ተያት፤ ቢያንስ ጨዋ ሆናለች።" ቀልዶ መሸሹ ነበር። እኔ ግድ የለሽነት ነው አልኩ።

በመከር ወራት ውሳኔው በደብዳቤ መጣ። ዳልኬረን ለሦስት ትከፈላለች፤ የኛ መንገድ ራሱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ የግራው ወገን ወዲህ፣ የቀኙ ወዲያ ሆነ። አያቴ በአጉሊ መነጽር አነበበው፤ ያኔ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነበር። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "ቀደመኝ" አለ።

እናቴ ለምን አልነገረችኝም ትሉ ይሆናል። ግብሩ እኮ ከስብሰባው በፊት ተሽሮ ነበር፤ የተጠራቀመው ውዝፉ ነው ያልተሻረው። እሱን ፍለጋ ለዓመታት በር ይንኳኳ ነበር። "መታጠቢያ ቤት ተደብቃለች" ላለች ልጅ ደግሞ ማን ምስጢር ይነግራል?

አያቴ የሞተው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ በኅዳር ነው። ልቡ ነው አሉ። ከቀብር በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይና ሳንድዊች ስናዞር፣ ያ አረንጓዴ ካፖርት በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ስለዚያ ካፖርት ከአያቴ ሰምታ ነበርና ፊቷ ነጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አባቷ በተቀበረበት ቀን!

"የቀረውን ዕቃ ልትወስድ መጣህ?" አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እኔ?" አለ ሰውዬው ግራ ተጋብቶ። "እመቤቴ፣ እኔ የግብር ሰው አይደለሁም። ሎሪመር እባላለሁ። የመራጮች መዝገብ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅጽ ያልመለሱ፣ ስም ያጎደሉ ቤቶችን እየዞርኩ ተመዝገቡ ብዬ የምለምን። አሥራ አንድ ዓመት ለመንኩ። በር የሚከፍትልኝ ልጅ ሁሉ 'አያቴ የለም' ይለኛል።"

ማንም አልሳቀም።

"ያን ሐሙስ ደብተሬ ላይ የሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰው ቁጥር ይዤ ነበር፤ በየደረጃው የቆጠርኩት። ስም የለውም፤ ማንንም አላስይዝም። ዋቲ አንድ ቤት ቢጠራ ተነሥቼ ቀሪውን ላነብ ነበር። ብቻዬን ነኝ ሲል ምን ልበል? ሦስት ካፖርት ተሰቅሎ አይቻለሁ ብዬ በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?" ባርኔጣውን ያዟዙራል። "መልእክት ትቼለት ነበር እኮ። ለልጅቷ።"

ልጅቷ የሳንድዊች ትሪ ይዛ ቆማለች።

እናቴ ውጭ አውጥታ ድንጋይ አጥር ላይ አስቀመጠችኝና ሁሉንም ነገረችኝ። መደበቁ ከማን እንደሆነ። ቅጹን በየዓመቱ የሚሞላው አያቴ ራሱ እንደነበር፣ ያ መዝገብ ማለት ለሱ መጽሐፍ ቅዱስ የሆነ ሰው፣ ልጁ ስለለመነችው ብቻ፣ ስድስት ዓመት የራሱን ስም ብቻ እንደጻፈ። "ያን ቀን እኛን ቢጠራ ኖሮ ወንበሩ ይተርፍ ነበር ብሎ ነው የሞተው" አለች። ይተርፍ ነበር? አይመስለኝም። ሕጉ መዝገብ ይላል፣ ሰውዬውም አንድ ገጽ ይጨምርበት ነበር፣ ዳልኬረንም ትቆረጥ ነበር። ግን እሱ እንዲያ ብሎ ነው የሞተው።

"አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል" አለች እናቴ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ዕድሜውን ሙሉ አንድም ምርጫ አላመለጠውም።"

እኔ ዝም አልኩ። እስካሁን ለእናንተም ዝም ያልኩት አንድ ነገር አለ።

እሱ ከመሞቱ ስድስት ወር አስቀድሞ፣ በግንቦት፣ ምርጫ ነበር፤ አዲሶቹ ወሰኖች ሥራ ላይ የዋሉበት የመጀመሪያው። ጠዋት ቁርስ ላይ አያቴ የምርጫ ካርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ዓይኑ ያን ጊዜ ከጭላንጭል በቀር አያይም። እናቴ ሥራ ሄዳለች።

"አንብቢልኝ እስቲ። የት ነው የሚለው?"

አነበብኩት። ከኮረብታው ወዲያ፣ ሂልኤንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይላል፤ ወሰኑ መንገዳችንን ሲሰነጥቅ እኛን ወዲያ ጥሎናል። ለጤነኛ ሰው የግማሽ ሰዓት ዳገት ነው። ኔታ ልጇን ልካ በመኪና ታስወስደው ነበር፤ ቦታው መራቁን ካወቀ ማለት ነው።

"የሰፈራችን ትምህርት ቤት ነው፣ አቶ ጊልፊላን" አልኩት። "እንደ ድሮው።"

በከንቱ ይመላለስ አልኩ። አንድ ቀን እሱም በር ላይ ቆሞ የለህም ይባል። ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ከኮረብታው ወዲያ ከምማርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አውቶቡሱ በሂልኤንድ ዳገት ወረደ። አያቴ ግማሽ መንገድ ላይ፣ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጧል። ክራባቱን አስሯል፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ፊቱ ወደ ዳገቱ ነው፣ ወደ ላይ። ትምህርት ቤቱ ሄዶ፣ እዚህ አይደለም ተብሎ፣ ያችን ዳገት በእግሩ ጀምሯት ኖሯል። እንዳያየኝ ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ። ዓይኑ እንደማያይ እንኳ አላሰብኩም። ወርጄ ክንዱን ብይዘው፣ ምርጫው ገና ስድስት ሰዓት ይቀረው ነበር።

ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ገባ። እናቴ ከሥራ ገብታ ሾርባ ታሞቃለች። ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ የጫማውን ክር በዳበሳ መፍታት ጀመረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት።

"ድምፅህን ሰጠህ፣ አባዬ?"

"ሰጠሁ።"

"ቦታው ተቀይሯል አሉኝ እኮ! ዛሬ ሥራ ቦታ ነው የሰማሁት። እንዴት አገኘኸው?"

አያቴ አጎንብሶ ክሩን መፍታቱን ቀጠለ።

"ሮና ካርዱን በደንብ አንብባ ነገረችኛ" አለ። "ያለሷማ የት አገኘው ነበር።"

እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ መጣችና ግንባሬን ሳመችኝ።